የሌሊት ዱላ ቅብብል ከጓደኞች ጋር፦ ሁለት ቫን፣ አንድ ድንኳን ወይስ ስድስት ሰው ብቻ?

የሌሊት ዱላ ቅብብል ሲያወሩት ቀላል ነው። 12 ጓደኛሞች በሁለት ቫን ተከፍለው 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናሉ፤ አንዱ ሲሮጥ ሌላው ይነዳል፣ ይበላል ወይም ተኮራምቶ ያሸልባል። ዓርብ ጠዋት የተጀመረው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። ጭቅጭቁ የሚነሳው የትኛውን እንሩጥ ሲባል ነው። አንዱ ኦሪገን ካልሄድን ይላል። ሌላው ዌስት ቨርጂኒያ ጫካ ውስጥ ድንኳን እንትከል ይላል። ማራቶን የሮጠው ደግሞ ምን 12 ሰው አስፈለገ፣ ስድስት ሆነን እንጨርሰዋለን ብሎ ይፎክራል። ሦስቱም ልክ ናቸው፤ ግን የሦስቱ ሐሳብ የሚፈልገው ቡድን ለየቅል ነው።

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ሆነው ቅዳሜ ጠዋት አብረው ለሚሮጡ፣ አሥር ኪሎ ሜትር ሳይቆሙ ለሚጨርሱ የሐበሻ ቡድኖች ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ውድድሩን በስሙ ወይም በፎቶው አትምረጡ። መጀመሪያ ቃሉን የማያጥፍ ስንት ሰው እንዳላችሁ ቁጠሩ። ቀጥሎ ሌሊት መኪና የሚነዳው ማን እንደሆነ በስም ጥሩ። እነዚህ ሁለቱ ከታወቁ አብዛኛው ክርክር እዚያው ያበቃል።

ነገሩ ከየት መጣ

ቀንና ሌሊት እየተቀባበሉ መሮጥ የቆየ ነገር ነው። ጃፓኖች በ1917 እ.ኤ.አ. ከኪዮቶ እስከ ቶኪዮ ያለውን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ በሦስት ቀን ተቀባብለው ሮጠውታል፤ ኤኪደን የሚባለው የሩጫ ዓይነት የተወለደው ያኔ ነው። ወደ አሜሪካ ስንመጣ በ1982 ኦሪገን ውስጥ ስምንት ቡድኖች ከሁድ ተራራ ተነስተው ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ ሮጡ። ይህ ሁድ ቱ ኮስት የተባለው ውድድር ዛሬ ከ1,000 በላይ ቡድን ያስተናግዳል። በ2004 ደግሞ ዩታ ውስጥ ራግናር ተጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ በየስቴቱ እየተዛመተ ለብዙ ሰው የዚህ ሩጫ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። አሁን ከፊታችሁ ያሉት ምርጫዎች ከሞላ ጎደል የእነዚህ የሁለቱ ልጆች ናቸው።

ሁለት ቫን፣ 12 ሰው

ዋናው ዓይነት ይኸኛው ነው። መንገዱ በ36 ተራ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ሰው ሦስት ተራ ይሮጣል። ርቀቱን ስታካፍሉት አንዱ ተራ በአማካይ 9 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ለአንድ ሰው በድምሩ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሰዋል። ግማሽ ማራቶን የሮጠ ሰው ይህን ሲሰማ ይኼማ ቀላል ነው ይላል። ርቀቱ ቀላል ነው። ከባዱ ሦስተኛው ተራ ነው፤ እግር ደንድኖ፣ ሆድ ተረብሾ፣ እንቅልፍ ባላየ ዓይን የሚሮጥ ነውና።

የእረፍቱን ሒሳብ ሳትሠሩ አትመዝገቡ። ቡድናችሁ በአማካይ ኪሎ ሜትሩን በ6 ደቂቃ ከሮጠ ጠቅላላው 32 ሰዓት ይፈጃል። የመጀመሪያው ቫን ስድስት ሰዎች በተከታታይ ሲሮጡ 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያልፋል፤ ከዚያ ሁለተኛው ቫን ተረክቦ ለዚያኑ ያህል ጊዜ ይሮጣል። እንግዲህ 5 ሰዓት ተኩል ለመተኛት አገኘን ማለት ነው ብላችሁ ደስ እንዳይላችሁ። የመጨረሻው ሯጭ ገብቶ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ልብስ ቀይሮ መኪናው እስኪንቀሳቀስ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ወደ ቀጣዩ ትልቅ መቀባበያ ቦታ መንዳቱ አንድ ሰዓት ይወስዳል። መብላት አለ። ከሩጫው በፊት ተነስቶ መዘጋጀት አለ። የቀረው ቢበዛ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፤ እሱም ወንበር ላይ ወይም ሣር ላይ።

ለዚህ ነው ሾፌሩን ከሯጩ አስበልጬ የማየው። የሚሮጡት ሰዎች ራሳቸው በየተራ ይነዳሉ የሚለው እቅድ በቀን ያስኬዳል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ግን ሁለት ጊዜ ሮጦ ያልተኛ ሰው ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ ላይ መሪ መያዝ የለበትም። ለእያንዳንዱ ቫን የማይሮጥ ሾፌር ፈልጉ። እኛ ዘንድ ለዓመታት ሌሊት ታክሲና ሊሞዚን ሲነዳ የኖረ ጓደኛ አይጠፋም፤ እንደሱ ያለውን ሰው ምግቡንና መኝታውን ችላችሁ ብትወስዱት ኪሎ ሜትሩን በ4 ደቂቃ ከሚሮጥ አንድ ፈጣን ሰው የበለጠ ይጠቅማችኋል።

መኪናውን በተመለከተ፦ ስድስት አዋቂና ሾፌር ከነሻንጣቸው ሚኒቫን ውስጥ ይገባሉ፤ መተኛት ግን የለም። 12 ወይም 15 ሰው የሚጭን ቫን ተከራይታችሁ የኋላውን ወንበር ለዕቃ ብትተዉት በጣም ይሻላል። እንዲህ ያለውን ቫን ለመከራየት ብዙ ድርጅቶች የሾፌሩ ዕድሜ ቢያንስ 25 እንዲሆን ይጠይቃሉ። በውድድሩ ሰሞን አካባቢው ላይ ቫን ስለሚጠፋ ከወራት በፊት ያዙ።

የኦሪገኑ፦ ዝናው የተገባው ነው፣ ግን ለማን?

ሁድ ቱ ኮስት የሚነሳው ከሁድ ተራራ ላይ፣ ቲምበርላይን ሎጅ ከሚባል ቦታ ነው። ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ አድጎ ይህን የሚሰማ ሰው ይስቅ ይሆናል፤ ትንፋሽ እንደማያሳጥረው ያውቃልና። የሚጎዳው ቁልቁለቱ ነው። የመጀመሪያው ተራ በ9 ኪሎ ሜትር ውስጥ ወደ 600 ሜትር ይወርዳል፤ ሰውየው ሲሮጥ በራሪ ይመስላል፣ ማታ ላይ ግን ከቫኑ የሚወርደው ጭኑን ይዞ ነው። አንደኛ ቁጥር የሚሰጠው ሰው ቢያንስ ሁለት ወር ቁልቁለት የተለማመደ ይሁን።

መንገዱ በሳንዲ ከተማ አድርጎ ፖርትላንድን ያቋርጥና በሴንት ሄለንስ በኩል የባሕር ዳርቻውን ተራሮች ተሻግሮ ሲሳይድ የተባለች ከተማ አሸዋ ላይ ያበቃል። የሚካሄደው በኦገስት መጨረሻ ገደማ፣ ከሌበር ዴይ ቅዳሜና እሑድ አንድ ሳምንት ቀድሞ ባለው ዓርብና ቅዳሜ ነው። ዝግተኛ ቡድኖች ማለዳ ይለቀቃሉ፤ ፈጣኖቹ ከሰዓት በኋላ ይነሳሉ፤ ሁሉም ወደ መጨረሻው ላይ ይገናኛል። ይኼ ለስሜቱ ጥሩ ነው፤ ሁልጊዜ የሚያልፋችሁ ወይም የምታልፉት ሰው አለ። ለመኪናው ግን መከራ ነው። ሌሊት ሚስት በምትባለው መንደር ዙሪያ ያሉት መንገዶች ጠባብ ናቸው፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቫኖች ተሰልፈው ይቆማሉ፤ የስልክ ኔትወርክም የለም። ሯጩ መቀባበያው ጋ ደርሶ ተረካቢው ገና ሰልፍ ውስጥ ያለ መኪና ላይ የተቀመጠበት ጊዜ ብዙ ነው። መፍትሔው አንድ ነው፦ መኪናው ሲቆም ተረካቢው ወርዶ በእግሩ ይቅደም። ሁለቱ ቫኖች የት ላይ እንደሚገናኙም ኔትወርክ ሳይጠፋ በፊት ይወስኑ።

ስለ ቁጥር ድልደላ አንድ ምክር ልጨምር። የአምስተኛው ሯጭ ሦስቱም ተራዎች ከሁሉም የከበዱ ናቸው ተብሎ በሯጮች ዘንድ ይታወቃል፤ ዳገት ይበዛባቸዋል። ፈጣኑን ሳይሆን ትዕግሥተኛውን ሰው እዚያ አድርጉት። ፈጣን ሰው ዳገት ላይ ሲደክመው ይበሳጫል፤ ትዕግሥተኛው ዘፈኑን እያንጎራጎረ ይወጣዋል።

ለመግባት ግን ዕጣ አለ። ምዝገባው በተከፈተበት ዕለት ከቦታው በላይ አመልካች ሲመጣ ኖሯል፤ ስለዚህ ኦሪገንን ብቻ አስባችሁ ዓመቱን ሙሉ አትጠብቁ። ከሲያትል ወይም ከፖርትላንድ ለሚነሳ ቡድን መንዳት ይበቃል። ከዲሲ፣ ከአትላንታ ወይም ከዳላስ የሚሄድ ግን የ12 ሰው አውሮፕላን፣ የሁለት ቫን ኪራይ፣ ቢያንስ የሁለት ሌሊት ሆቴል አለበት። በእኔ አስተያየት ኦሪገን ለሁለተኛ ጊዜ ለሚሮጥ ቡድን የሚሄዱበት እንጂ ነገሩን የሚማሩበት አይደለም።

በምሥራቁ በኩል ያሉት ሁለቱ

ሪች ዘ ቢች በኒው ሃምፕሺር ከዋይት ማውንቴንስ ብሬተን ዉድስ ተነስቶ ሃምፕተን ቢች ላይ የሚያልቅ፣ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ነው። የሚደረገው በሴፕቴምበር አጋማሽ፣ እንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። ቦስተን ያለ ቡድን ካላችሁ ሌላ ነገር ማሰብ የለባችሁም፤ ቅርብ ነው፣ የሚያልቀውም ባሕር ላይ ነው። ተራራው ላይ ሌሊቱ ይበርዳልና ጓንትና ሹራብ አትርሱ።

ብሉ ሪጅ የሚባለው ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ ከግሬሰን ሃይላንድስ ተነስቶ ኖርዝ ካሮላይና አሽቪል የሚገባ፣ 208 ማይል የሆነ መንገድ ነው። ከሻርለት ወይም ከአትላንታ ይቀርባል። ጌጥና ጭፈራ የለውም፤ ተራራ ብቻ ነው። የአንዳንዱን ተራ ክብደት ሲገልጹ ከ"በጣም ከባድ" በላይ "የተራራ ፍየል" የሚል ደረጃ አላቸው፤ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ዳገት ለሚወድ ቡድን ከኦሪገን አስቀድመዋለሁ።

ድንኳን፣ ስምንት ሰው

አሁን ወደምወደው መጣሁ። ራግናር ትሬይል በሚባለው ዓይነት ቫን የለም። ሁሉም ቡድን አንድ ሜዳ ላይ ድንኳን ይተክላል፤ ከሜዳው ተነስተው ወደ ሜዳው የሚመለሱ ሦስት የጫካ መንገዶች አሉ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ተብለው። አንዱ አጭር ነው፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ ረጅም። ስምንቱም ሰው ሦስቱንም መንገድ አንድ አንድ ጊዜ ይሮጣል፤ ለአንድ ሰው በድምሩ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ለዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ሰው የሚቀርበው ዌስት ቨርጂኒያ ቢግ ቤር ሌክ ላይ ሲካሄድ የቆየው ነው፤ በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ነው።

የእረፍቱ ሒሳብ እዚህ ፈጽሞ ሌላ ነው። በጫካ ኪሎ ሜትሩ 8 ደቂቃ ቢወስድ አንዱ ተራ በአማካይ አንድ ሰዓት ከ4 ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሰው ሮጦ ከገባ በኋላ ተራው እስኪመለስ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ አለው። ማንም አይነዳም። ቫን ፍለጋ የለም። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ እግርን ዘርግቶ መተኛት አለ። ሯጩ ሊደርስ ሲቃረብ የቡድኑ ስም መቀባበያው ድንኳን ውስጥ ባለው ስክሪን ላይ ስለሚወጣ በብርድ ቆሞ መጠበቅም ይቀንሳል።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ነገር አለው። ሁለት ቫን ማለት ቡድኑ ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው፤ አንደኛው ቫን ውስጥ ያለ ሰው ሁለተኛው ቫን ያለውን የልብ ጓደኛውን በሁለት ቀን ውስጥ የሚያየው ለአምስት ደቂቃ፣ መቀባበያ ላይ ነው። ድንኳኑ ግን ሁሉንም አንድ ላይ ያስቀምጣል። በትንሽ የጋዝ ምድጃ ጀበና ይጣዳል፣ ቡናው ይቆላል፣ የጎረቤት ቡድን ሽታው ስቦት ይመጣል። ሦስተኛውን ስኒ ሳይጠጣ ግንባሩ ላይ መብራት አስሮ ወደ ጫካ የሚሮጥ ሰው ማየት የትም አይገኝም። እግረ መንገዴን፦ ምድጃም ሆነ ከሰል ድንኳን ውስጥ በፍጹም አይገባም፤ የሚያወጣው የማይታይ ጋዝ ይገድላል።

ጉድለቱን ልደብቅ አልችልም። ጫካው ሥር፣ ድንጋይና ጭቃ ነው። አስፋልት ላይ ፈጣን የሆነ ሰው እዚያ ቁርጭምጭሚቱን ሊያጥፍ ይችላል። እዚያ የአፓላቺያን ተራሮች ላይ ዝናብ ከጣለ ሜዳው ሳይቀር ማጥ ይሆናል፤ ሦስት ጥንድ ካልሲና ሁለት ጫማ የግድ ነው። ጨለማ የሚፈራ ሰውም አለ። በመንገድ ሩጫ ላይ ከፊትና ከኋላ ሰው አለ፣ መኪና ያልፋል፤ ጫካ ውስጥ የራስህ እስትንፋስና የመብራትህ ክብ ብቻ ነው የሚቀረው። እንዲህ ላለው ጓደኛ አጭሩ መንገድ ሌሊት፣ ረጅሙ በቀን እንዲደርሰው ቁጥሩን አስሉለት። ቅደም ተከተሉ የታወቀ ስለሆነ አስቀድሞ ይቻላል።

ስድስት ሰው ብቻ

ራግናር በመንገድ ውድድሮቹ ላይ አልትራ ለሚሉት ስድስት ሰው ይፈቅዳል። አንድ ቫን ይበቃል፤ ወጪው በአንድ በኩል ይቀንሳል። ግን ለአንድ ሰው 53 ኪሎ ሜትር ይደርሰዋል፤ ከማራቶን በላይ ነው፣ ያውም በቁርጥራጭ። እያንዳንዱ ተራ በተራ ስድስት ጊዜ ከሮጠ በመካከል የሚያገኘው 4 ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። ሁለት ሁለቱን ተራ አያይዞ ሦስት ጊዜ ብቻ ቢሮጥ ግን እረፍቱ ወደ 9 ሰዓት ይጠጋል። ይህን መንገድ ምረጡ። ችግሩ ቫኑ መቼም አይቆምም፤ ሁልጊዜ የሚሮጥ ሰው ስላለ የሚተኛው በሚንቀሳቀስ መኪና ውስጥ ነው።

አንድ ሰው በመጨረሻው ሳምንት ቢቀር ምን ይሆናል? በ12 ሰው ቡድን ውስጥ ሦስት ተራ ብቻ ነው የሚጎድለው፤ እዚያው ቫን ያሉት ይካፈሉታል። በስምንቱ ቡድን ሦስት ሰው አንድ አንድ ዙር ይጨምራል። በስድስቱ ግን 53 ኪሎ ሜትር በአምስት ሰው ላይ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ቡድኑ አለቀ በሉት። ስለዚህ ስድስቱ ሁሉም ማራቶን የሮጡ፣ ሁሉም ደግሞ ለሠርግና ለክርስትና ሲሉ የማይቀሩ ካልሆኑ አይሞከርም። የኛ ሰው ደግሞ ሠርግ ይበዛበታል።

እስራኤል ላላችሁ

ቤተ እስራኤል አንባቢዎች ከአገር መውጣት አያስፈልጋችሁም። ከላይኛው ገሊላ፣ ከቴል ሃይ ተነስቶ ወደ ኢይዝራኤል ሸለቆ የሚወርድ የሌሊት ቅብብል አለ፤ ስሙም "ከተራራው ወደ ሸለቆው" እንደማለት ነው። መንገዱ የእርሻና የጫካ መንገድ ይበዛዋል። የግንቦት ሙቀት ስላለ ሌሊቱ ቅጣት ሳይሆን እፎይታ ነው።

ሌሊቱ ራሱ

አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ ሩጫው የተጀመረው ወደ ማታ ነበር፤ መጨረሻውን የሮጠው ችቦ በያዙ ወታደሮች መካከል ነው። እናንተ ችቦ የሚይዝላችሁ ስለሌለ የግንባር መብራት፣ የሚያንጸባርቅ ሰደርያና ከኋላ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ መብራት ያስፈልጋችኋል። የመንገድ ውድድሮች እነዚህን ያስገድዳሉ፤ የሌለውን ሯጭ አያስወጡም። የግንባር መብራቱን ርካሽ አትግዙ፤ ለጫካው ደግሞ ብርሃኑ ጠንካራ የሆነውን ከነመለዋወጫ ባትሪው ያዙ።

ሌላው የኛ ብቻ የሆነ ችግር ሰዓት ነው። የቡድኑ መሪ በኤክሴል የሚያወጣው ሰሌዳ በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ የምናወራው ግን በሐበሻ ሰዓት ነው። በስልክ "ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተዘጋጅ" የተባለ ሰው የቱን ዘጠኝ ይያዝ? ግማሹ እዚህ አገር ያደገ ቡድን ከሆነ ግራ መጋባቱ የታወቀ ነው። ሁሉም ነገር "3 ኤ ኤም" ተብሎ ይጻፍ፣ በቃልም እንዲሁ ይነገር።

ምግብና ጾም

የቫን ውድድር የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ዓርብ ነው። የሚጾም ሰው ካለ የዓርቡ ምግብ የጾም ይሁን፤ ሙስሊም ጓደኛ ካለ ሥጋው ሐላል መሆኑ ይረጋገጥ፣ የጁምዓ ሶላት ሰዓትም ከተራው ጋር እንዳይጋጭ ይታይ። ምስር ሳንቡሳ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ ዳቦ ሁሉንም ያስማማል። ሳንቡሳው ዘይት ስላለው ከሩጫ በኋላ ይበላል እንጂ በፊት አይደለም። በውሃ የተበጠበጠ በሶ ግን በፊትም በኋላም ይሄዳል፤ ሯጮች ለጉልበት ከሚወስዷቸው ጣፋጭ ጄሎች ይልቅ ሆዴ የሚቀበለው እሱን ነው። በርበሬ የበዛበት ፍርፍር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የበላ ሰው ሦስተኛውን ተራ የሚጀምረው ከተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት ሰልፍ ነው።

ወደ ኦሪገን ለምትሄዱ ደግሞ ፍልሰታን አስቡ። ጾሙ የሚፈታው ነሐሴ 16፣ በፈረንጅ ኦገስት 22 ነው፤ ሩጫው በዚያው ዕለት ወይም ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ነው። ልምምዱ ከፍ የሚልባቸው ሳምንታት ጾሙ ውስጥ ይገባሉ ማለት ነው። የምትጾሙ ከሆነ ረጅሙን ልምምድ በሐምሌ አጋማሽ ጨርሱ፤ በጾሙ ጊዜ እግርን ማንቀሳቀስ ይበቃል።

ገንዘቡ

መመዝገቢያው የሚከፈለው በቡድን እንጂ በሰው አይደለም። ሰው በቀነሰ ቁጥር የቀሪው ድርሻ ይጨምራል። ስለዚህ ገንዘቡ እንደ እቁብ በአንድ ዳኛ እጅ፣ በቁርጥ ቀን ይሰብሰብ፤ "ደርሼ እከፍላለሁ" ያለ ሰው አልተመዘገበም ማለት ነው። ከመመዝገቢያው በላይ የሚበላው የቫን ኪራይ፣ ነዳጅና ሆቴል ነው። በአቅራቢያው የሚኖር ቡድን በጎ ፈቃደኞች እንዲያቀርብ የሚጠየቅባቸው ውድድሮችም አሉ፤ ደንቡን አንብቡ። ይህ ሸክም አይደለም፤ መሮጥ የማይፈልጉ ዘመዶችን ማሳተፊያ ነው።

የድንኳኑ ዓይነት በወጪ ረገድ ያሸንፋል። ቫን የለም፣ ሆቴል የለም፣ ሁለት የራሳችሁ መኪና ይበቃል። ድንኳኑንና ስሊፒንግ ባጉን ደግሞ ከሚያውቁት ሰው መዋስ ይቻላል።

ታዲያ የቱን?

ስምንት አስተማማኝ ሰው ካላችሁና የመጀመሪያችሁ ከሆነ፣ ያለ ማመንታት ድንኳኑን። አሥር ወይም 12 ሰውና ሁለት የማይሮጡ ሾፌሮች ካሏችሁ፣ ቤታችሁ አጠገብ ያለውን የመንገድ ውድድር፤ ቦስተን ከሆናችሁ ወደ ሃምፕተን ቢች፣ ደቡብ ከሆናችሁ ወደ አሽቪል። 12 ሰው ኖሯችሁ ሾፌር ከሌላችሁ የ12 ሰው ቡድን የላችሁም፤ ከመካከላችሁ አራቱን ደጋፊ አድርጉና ስምንት ሆናችሁ ጫካ ግቡ። ማራቶን የሮጡ ስድስት ሰዎች ከሆናችሁ መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ማታ 15 ኪሎ ሜትር ሮጣችሁ፣ አራት ሰዓት ያህል መኪና ውስጥ ተኝታችሁ፣ ሌሊት ተነስታችሁ 15 ድገሙ። ጠዋት ላይ ስድስታችሁም አሁንም እንሩጥ ካላችሁ ተመዝገቡ።

ለኦሪገን ዕጣ ጣሉ፣ ግን ሌላ ውድድር ላይ ቦታ ሳትይዙ አትጠብቁ። ዕጣው ከወጣላችሁ ሾፌሮቹን ከሯጮቹ በፊት በስልክ ደውላችሁ ያዙ፤ ቫኑን ደግሞ በዚያው ሳምንት።